«አይ ይልድ» ያልኩ ቀን

ይህን የምጽፈው ደስታዬ ሳይበርድ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጉርድ ሾላ አንድ መነጽር ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ የምታስተናግደው ልጅ ብቅ ብላ «ቀጥሎ ማን ነው?» አለች። እኔና ከጎኔ የነበረ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ እኩል ብድግ አልን። «እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ። «ኧረ በፍጹም፣ ቀድመው የመጡት እርስዎ ነዎት» አልኩት። «ይግቡ እባክዎ» ብሎ እጁን ወደ በሩ ዘረጋና እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ፊቴን አፍጥጦ አየኝ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና... አስካለ ተሰማ አይደሉም?» ከዚያ መልሴን እንኳ ሳይጠብቅ «አይ ይልድ!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ድምፁን አወቅሁት እንጂ ፊቱን አላወቅሁትም። «ሳምሶን ነኝ! የቦሌው! የክርክሩ!» ሲለኝ ጊዜ ጉልበቴንም ዕድሜዬንም ረስቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ያ «አፍሮው በበር አይገባም» እያልን የምንስቅበት ልጅ መላጣ ሆኗል! ወረፋውንም መነጽሩንም ትተን ወጣን። በስልክ ታክሲ ጠርቶ ቦሌ ወሰደኝና አንድ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን፣ ያኔ የቤት ኪራያችንን ያህል ዋጋ ያለው ማኪያቶ እየጠጣን ሦስት ሰዓት ሙሉ አወራን። ቤቴ ስገባ ልጆቼ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የበራው?» አሉኝ። ምን እንደሆንኩ ለእነሱም ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያኔ የምለው መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረት መያዝ አይሆንልኝም። ሻይ በአሥር ሳንቲም የነበረበት፣ ቦምቦሊኖ ከጨመሩበት ደግሞ ሃያ አምስት የሚበቃበት ዘመን ነው። ወንዶቹ ታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው የቦሌን አስፋልት የሚጠርጉበት፣ አፍሯቸው ውስጥ ማበጠሪያ ሰክተው የሚንጎራደዱበት፣ ከየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱ ያንዱን ዘፈን የሚሻማበት። እኛ ሴቶቹ እሑድ እሑድ ነጭ ካልሲያችንን እስከ ጉልበታችን ስበን፣ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ አንጽተን፣ ምንም ሳንገዛ ቦሌ መንገድን ከላይ እስከ ታች እንለካው ነበር። ቤታችን ከጉርድ ሾላ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። ከእኛ ሰፈር ወደ ጎሮ የሚሄድ ሰው በጤፍና በሽምብራ ማሳ መካከል በቀጭን መንገድ ነው የሚያቋርጠው፤ ክረምት ላይ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በጋ ላይ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ። ዛሬ እዚያው ላይ ባለ ሊፍት ሕንጻ ውስጥ ሆኜ ፎቅ ስቆጥር፣ የትኛው ማሳ የትኛው ሕንጻ ሥር እንደገባ እየገመትኩ እጫወታለሁ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ጌታሁን ይባል ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዘወትር ያችኑ ቡኒ ሹራብ የሚለብስ፣ ጠመኔ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው የሚሆን። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፈና «ይልድ» ብሎ አነበበልን። «ትርጉሙን የሚያውቅ?» እኔ የጦርነት ታሪክ መጽሐፍ ላይ አግኝቻት ስለነበር እጄ ከመቀመጫዬ ቀድሞ ተነሣ። «መሸነፍ! እጅ መስጠት!» አልኩ። «ጎበዝ» ሊለኝ አፉን ሲከፍት ከኋላ ወንበር «አይደለም» የሚል ድምፅ መጣ።

ጫልቱ ነበረች። ጫልቱ ከጎሮ በኩል በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር የገበሬ ልጅ ናት። ቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው አንዳንዴ ያደናቅፋታል፤ እንግሊዝኛ ለመናገር ግን እንደ እሷ የማይፈራ ሰው አላየሁም። «ይልድ ማለት ምርት ነው። ማዳበሪያው ከረጢት ላይ ተጽፏል፤ አባቴ ሲገዛ ሁልጊዜ አነብለታለሁ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ልደብቀው አልፈልግም።

ቲቸር ጌታሁን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ። «ሦስተኛም አለላችሁ። በትልልቅ ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ቀሪ ሰዓቱን ለሌላ ሰው መልቀቅ ሲፈልግ ‹አይ ይልድ› ይላል። ለቅቄያለሁ፣ እሱ ይናገር፣ ማለቱ ነው።»

«ቲቸር፣ አንድ ቃል እንዴት ሆኖ ሽንፈትም ምርትም ይሆናል?» አልኩ ተናድጄ።

«እሱን ሂጂና እንግሊዞቹን ጠይቂያቸው» አለኝ።

ሳምንት ሙሉ ከጫልቱ ጋር አልተነጋገርንም። በሳምንቱ ጠዋት ክፍል ስገባ ዴስኬ ላይ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ተጋድሞ አገኘሁ። ጫልቱ ቆማ ታየኛለች። «ይልድ ነው፤ ብዪ» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን።

የክርክሩ ወሬ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። በሬዲዮ የሚተላለፍ የተማሪዎች የእንግሊዝኛ ክርክር! ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ሰው፤ አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ ረዳት። ተናጋሪው ሰባት ደቂቃ ይናገራል፣ ረዳቱ ወረቀት ያቀብላል። ቲቸር ጌታሁን እኔን ተናጋሪ፣ ጫልቱን ረዳት አደረገ። ዕጣ ሲወጣ «የገጠር ኑሮ ከከተማ ኑሮ ይሻላል» ብለን እንድንከራከር ደረሰን፤ ተጋጣሚያችን ደግሞ የቦሌው ትምህርት ቤት ሆነ፤ በመኪና የሚመላለሱት ልጆች። ጫልቱ «አንቺ ገጠር ገብተሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ «መጽሐፍ አነባለሁ» አልኳት።

አባቴ ይህን ሲሰማ የሆነውን መሆን በምን ቋንቋ ልንገራችሁ! አባቴ ተሰማ ከጎጃም መጥቶ አንድ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ታይፒስት ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው እንግሊዝኛ ያለ አንዲት ስሕተት ይመታል፤ የሚመታውን ግን ግማሹን እንኳ አይረዳም። «ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ልቡን አላውቀውም» ይል ነበር። ንግግሬን ሰጠሁት። በምሳ ሰዓቱ ቢሮው ቁጭ ብሎ መታልኝ፤ ከሥሩ ካርቦን አስገብቶ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ። «በሬዲዮ ስትናገሪ በጣቴ እየተከተልኩ አነበዋለሁ» አለኝ። ለሬዲዮአችንም አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዛላት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር አስቁሞ «ልጄ በሬዲዮ ልትናገር ነው» ይላል። እኔም ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር ንግግሬን እወጣዋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጫልቱ ፀጉሯን አዲስ ሹርባ ተሠርታ፣ እኔ የእናቴን ሰማያዊ ሹራብ ተውሼ፣ ቲቸር ጌታሁን ያችኑ ቡኒ ሹራብ በክራቫት አድርጎ፣ በአውቶቡስ ቦሌ ገባን። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ የሚሽከረከር ቴፕ ያለበት ትልቅ መቅረጫ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማይክሮፎን። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፦ ሁለት አስተማሪዎችና ከሬዲዮ የመጡ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ። ሳምሶን ቀድሞ ተናገረ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግሩም አድርጎ ነው የተናገረው፤ ሲኒማው፣ ሆስፒታሉ፣ መብራቱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፤ አንድም የቀረው ነገር የለም።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ንጹሕ አየር አልኩ፣ የወፎች ዝማሬ አልኩ፣ ወርቃማው ማሳ አልኩ። በደንቡ መሠረት ተቃራኒ ወገን በመሃል አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ሳምሶን እጁን አነሣ። አፍሮውን ነካ ነካ አደረገና በዚያ በተወለወለ እንግሊዝኛው «ክብርት ተናጋሪ ስለ ወርቃማው ማሳ ብዙ ነግረውናል። ለመሆኑ ጤፍ ስንት ጊዜ ይታረማል?» አለኝ።

ስንት ጊዜ ይታረማል? እኔ ጤፍን የማውቀው ከጆንያ ጀምሮ ነው! አዳራሹ ሳቀ። ቀጣዩን አረፍተ ነገር ፈለግሁ፣ የለም። አባቴ የመታው ወረቀት ፊቴ አለ፤ ፊደሉ ሁሉ ወደ አንድ ጥቁር ነገር ተቀይሯል። ቴፑ ይሽከረከራል። አራት ደቂቃ ይቀራል። ጫልቱን አየኋት። ወረቀት አላቀበለችኝም፤ ታየኛለች፤ ሁለት እጆቿ ጠረጴዛውን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። መልሱን እንደምታውቀው፣ ከመልሱም ሌላ ብዙ እንደምታውቅ ፊቷ ይናገራል።

«አይ ይልድ» አልኩ።

«ቀሪ ሰዓቴን ለጓደኛዬ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አልኩ። እዚያች ትንፋሽ ላይ ሳምሶን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ተሸነፉ! ራሷ አመነች! እጅ ሰጡ!» የቦሌ ልጆች በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ ጩኸት፣ ፉጨት፣ የወንበር ድብደባ። እኔ «ለጓደኛዬ! ለጫልቱ!» እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ! ቲቸር ጌታሁን ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቶ ወደ ዳኞቹ ሮጠ። «መልቀቋ ነው እንጂ መሸነፏ አይደለም!» አንደኛው ዳኛ «በቋንቋው ደንብ ይልድ ማለት ሽንፈት ነው» አለ። ሁለተኛው አላውቅም ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። የሬዲዮዋ ሴትዮ ግን እጃቸውን አንሥተው አዳራሹን ጸጥ አሰኙና «መዝገበ ቃላት ይምጣ» አሉ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባው በክር የታሰረ፣ የጡብ ያህል የሚከብድ መጽሐፍ መጣ። ሴትዮዋ ገጹን በሌባ ጣታቸው እየገለጡ ሲፈልጉ በአዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ነው። አገኙት። በአማርኛ እየተረጎሙ አነበቡልን። «ቃሉ ጥንታዊ ነው ይላል። ሲፈጠር ትርጉሙ መክፈል ነበር፤ ለሰው የሚገባውን መስጠት። ከዚያ ደግሞ ፍሬ መስጠት፤ መሬት ሲያፈራ፣ ዛፍ ሲያፈራ። ሦስተኛ፣ ለሌላው መልቀቅ፤ መንገድን፣ ተራን፣ የመናገር ዕድልን። አራተኛ፣ እጅ መስጠት፣ መሸነፍ።» ጫልቱ ከጎኔ ሆና «ከረጢቱ ልክ ነበር» ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩኝ። «ልጄ፣ ከአራቱ የትኛውን ነው ያልሽው?»

«ሦስተኛውን» አልኩ። «እንግዲያው ጓደኛሽ ትቀጥል» አሉ።

ዛሬ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ መዋሸት ምን ያደርግልኛል? አፌን ስከፍት አራተኛውን ነበር። ተሸንፌ ነበር፤ መጥፋት፣ ከዚያ መድረክ መውረድ ነበር የፈለግሁት። የጫልቱን እጆች ጠረጴዛው ላይ ሳይ ነው በዚያችው ቃል መሃል ሐሳቤ የተለወጠው። ቃሏን ስጀምራት ሽንፈት ነበረች፤ ስጨርሳት ስጦታ ሆነች። ይህን ለሳምሶን ማክሰኞ ዕለት ስነግረው ማኪያቶውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። «እኔም ልንገርሽ» አለኝ። «ትርጉሙን አውቀው ነበር። አባቴ ያንን መዝገበ ቃላት ቤት ውስጥ አስቀምጦ በየቀኑ አንድ ገጽ ያስጠናኝ ነበር። ሦስቱንም አራቱንም አውቅ ነበር። ‹ተሸነፉ› ያልኩት ያቺ ልጅ እንዳትነሣብኝ ፈርቼ ነው። አስተያየቷን አይቼዋለሁ፤ ጤፍ ስንት ጊዜ እንደሚታረም ታውቃለች። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ይቅር በይኝ።» ሳቅሁ። ምን ይቅርታ አለው! «ይቅርታውን ለእሷ ንገራት» ብዬ ስልኬን አወጣሁና እዚያው ጫልቱ ጋ ደወልኩ። ጫልቱ የእርሻ ባለሙያ ሆና አገሩን ሁሉ ዞራ፣ ተመልሳ ጎሮ ነው የምትኖረው። ማን እንደሆነ ስነግራት በስልኩ ውስጥ የሳቀችው ሳቅ ካፌውን ሞላው። «ሁለት ጊዜ ይታረማል በይው!» አለች።

ወደ ክርክሩ ቀን ልመለስና፣ ማይክሮፎኑን ለቅቄላት ተቀመጥኩ። ጫልቱ ወረቀት አልያዘችም። እንግሊዝኛዋ ጊዜ ያምታታል፤ ትናንትና ዛሬ ይደባለቁባታል፤ ግን ማንም አልሳቀም። «ጤፍ አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ ሁለት ጊዜ ይታረማል። ሁለተኛውን ከእናቴ ጋር የማርመው እኔ ነኝ» አለች። «ገጠር ቀላል ነው አልላችሁም። ጓደኛዬ ስለ ወፎቹ የነገረቻችሁ እውነት ነው፤ ወፎቹ ግን እህላችንን ይበሉብናል፤ በወንጭፍ ነው የምናባርራቸው።» አዳራሹ ሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ የእሷ ነበር። ከዚያ ወደ ሳምሶን ዞረች። «አውሮፕላን ማረፊያ አለን አልክ። እኔ ማሳችን ዳር ቆሜ አውሮፕላኑ ሲያርፍ በየቀኑ አየዋለሁ። ማታ ማታ የከተማውን መብራት አየዋለሁ። እኔ ከተማውን አየዋለሁ፤ ከተማው ግን እኔን አያየኝም። ምሳችሁን ስትበሉ ግን እዚያ ነኝ።» አራት ደቂቃዋ ሳትሞላ አዳራሹ ቆመ። የሚያጨበጭቡት እኮ የቦሌ ልጆች ናቸው! ቲቸር ጌታሁን በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን፤ ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታችንን አውጥተን የማናውቀውን መንገደኛ ሁሉ ሰላም እያልን ጉርድ ሾላ ደረስን።

ፕሮግራሙ የሚተላለፈው በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ የጫልቱን አባት አቶ ቱሉን ቤታችን መጥተው አብረውን እንዲሰሙ ጋበዛቸው። አቶ ቱሉ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከጎሮ በእግራቸው፣ ለእናቴ በቁና ጤፍ አስይዘው ከጫልቱ ጋር መጡ። ሁለቱ አባቶች ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባቴ ካርቦን ቅጂውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን የመጀመሪያው ቃል ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

የሳምሶን ድምፅ መጣ፤ አጠር ብሏል። ከዚያ አስተዋዋቂዋ ስሜን ጠራች። አባቴ ጎንበስ አለ። «አይ ይልድ» አልኩ በሬዲዮ፤ ወዲያው የጫልቱ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ለካ ሰዓት ስለማይበቃ የእኔን ሦስት ደቂቃ ቆርጠው ጥለውታል! ያ ወፍ፣ ያ ወርቃማ ማሳ፣ አባቴ በምሳ ሰዓቱ የመታው ሁሉ የለም። የአባቴ ጣት የመጀመሪያው ቃል ላይ እንዳለች ቀረች። ጫልቱ ንግግሯን እስክትጨርስ አልተንቀሳቀሰም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር አልኩ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ሬዲዮው ወደ ሙዚቃ ሲያልፍ አቶ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «የአስካለን አልሰማሁትም ልበል? ‹አይ› ስትል ብቻ ነው የሰማኋት። እምቢ ማለቷ ነው?» አሉ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «አስካለ፣ ምን ነበር ያልሽው? ይህን ቃል መትቼው አላውቅም።»

አራቱም ትርጉም ጭንቅላቴ ውስጥ ተተራመሱ። ጫልቱ ከወንበሯ ተነሣች። «ሰጠች ማለት ነው፣ ጋሼ» አለችው። «ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ የእሷ ሰዓት ነው። የራሴ አንዲት ደቂቃ አልነበረኝም።»

አባቴ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈው። ለአቶ ቱሉ ቀስ ብሎ ደግሞ ነገራቸው፤ እሳቸውም ለራሳቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉና የአባቴን ጉልበት መታ መታ አደረጉት። በዚህ መሃል ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን «ጋሽ ተሰማ! እኔ ሬዲዮውን ዘግይቼ ከፍቼ አመለጠኝ፤ ልጅዎ ተናገረች ወይ?» ብሎ ተጣራ።

አባቴ ብድግ አለ። በሩን በሰፊው ከፈተው። ሰፈር በሚያሰማ ድምፅ «ተናገረች እንጂ! በሁለት ድምፅ ተናገረች!» አለ።